ዳቦ ቆሎ ኩርሽምታውን ሳያጣ እንዲሰነብት፦ የአቆላል፣ የአስተሻሸግና የአቀማመጥ መመሪያ

ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ይደርሰኛል፤ «ከምጣድ ሳወጣው ኩርሽም ይል የነበረው ዳቦ ቆሎ፣ ሳምንት ሳይሞላው ለምን ይለሰልስብኛል?» የሚል ነው። ጥያቄው ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበር ወይም ከመንዝ ሲመጣ ሁልጊዜ ይኸው ነው። ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ ሲመጣ ግን ቅሬታው ይለወጣል፤ «አልለሰለሰም፣ ግን የከረመ ዘይት ይሸታል» ይላሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፣ መልሳቸው ግን የተለያየ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍሁት ሁለቱን ለይቼ በአንድ ቦታ ለመመለስ ነው። ቤት ውስጥ ለተጋገረ ደረቅ ብስኩትም በዚሁ መንገድ መሥራት ይቻላል።

ሁለቱ ብልሽቶች

የመጀመሪያው ብልሽት መለስለስ ነው። በሚገባ የደረቀ ዳቦ ቆሎ በውስጡ የሚቀረው ውኃ ከክብደቱ ከመቶ 5 እጅ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ፣ ከራሱ የረጠበ አየር ባገኘ ቁጥር እርጥበቱን ወደ ውስጥ ይስባል፤ የሚያቆመውም ከአየሩ ጋር ሲመጣጠን ነው። ይህ ብልሽት በጊዜ ከተደረሰበት የሚመለስ ነው፤ የገባው ውኃ በሙቀት ተመልሶ ሊወጣ ይችላልና።

ሁለተኛው የዘይቱ መበላሸት ነው። በዳቦ ቆሎው ውስጥ ያለው ዘይት ወይም ቅቤ በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ቀስ በቀስ ይዋሃድና ሽታው ይለወጣል፣ ጉሮሮን የሚከረክር ምሬትም ያመጣል። ሙቀትና ብርሃን ይህን ያፋጥኑታል። አንዴ ከተበላሸ በኋላ ደግሞ መልሶ መቁላትም ሆነ ማናፈስ አያድነውም።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ሸዋ ሮቢት ግን 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በደጋው በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉ ቀኑን ሙሉ ሳይገፈፍ ሊውል ይችላል፣ ቤቱም ለብርዱ ሲባል ተዘግቶ ይውላል፤ ስለዚህ የደጋ ሰው አብዛኛውን ጥረቱን እርጥበትን በመከልከል ላይ ማዋል አለበት። በቆላው ደግሞ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ዘይቱን ስለሚያስቸግረው፣ ጥንቃቄው የሚጀምረው ከዘይት ምርጫና ከጥላ ቦታ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ሲያነቡ የእርስዎ ቤት የትኛው ዘንድ እንደሚወድቅ አስቀድመው ይወቁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ምጣድ፣ የኤሌክትሪክም ሆነ የከሰል፣ ወይም ኦቨን
- ለማቀዝቀዣ የሚሆን ሰፊ ሰፌድ ወይም ትሪ፣ በላዩም የሚነጠፍ ንጹሕና ፍጹም ደረቅ ጨርቅ
- ብናኙን ለመለየት ወንፊት
- አፈ ሰፊና ክዳኑ የሚጠብቅ የብርጭቆ ጠርሙስ፤ ለምሳሌ ማር ወይም ማርማላታ የነበረበት። አንድ ትልቅ ከሚሆን ብዙ ትንንሽ ቢሆን ይመረጣል
- ክዳኑ ጠበቅ ብሎ የሚገጥም የዱቄት ወተት ቆርቆሮ
- ወፈር ያለ፣ ቀለም የሌለው የምግብ ላስቲክ፣ ለስንቅ ወይም ለሽያጭ ካሰቡት
- ሻማና የብረት ማስመሪያ፣ ወይም ያገለገለ የብረት መጋዝ ምላጭ
- ጥቂት ሩዝና ትንሽ የጨርቅ ከረጢት
- ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ፕላስተር

ደረጃ በደረጃ

1. ሊጡን ከማቡካትዎ በፊት ስንት ጊዜ እንዲቆይ እንደሚፈልጉ ይወስኑ። የመቆያው ዕድሜ ግማሹ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ለሳምንት የሚበላ ከሆነ እንደወደዱት ያድርጉት። ለወር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ዘይቱን ይቀንሱ፤ ዘይት ውስጥ ከመጥበስ ይልቅም በምጣድ ይቁሉት። በዘይት የተጠበሰው ብዙ ዘይት ስለሚጠጣ ለሁለተኛው ብልሽት የተጋለጠ ነው። የኑግ ዘይት ጣዕሙ ለዳቦ ቆሎ የሚስማማ ቢሆንም፣ በተፈጥሮው ከኦክስጅን ጋር ቶሎ የሚዋሃድ ዓይነት ቅባት ይበዛበታልና ለረጅም መቆያ አይመረጥም። ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ደግሞ ለየትኛውም መቆያ አይሆንም፤ መበላሸቱ ዳቦ ቆሎው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጀምሯል።

ቅቤ የሚጠቀሙ ከሆነ በሚገባ የተነጠረ ይሁን፤ ጥሬ ቅቤ ውኃ አለበት። ስኳር እርጥበት ስለሚስብ መጠኑን ይቀንሱ። ማር ደግሞ ከስኳርም የበለጠ ስለሚስብ ለረጅም መቆያ በሚሆነው ሊጥ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ።

2. እኩል አድርገው ይቁረጡት። ከሽምብራ ብዙ ያልበለጠ መጠን ይበቃል። ትልቁና ትንሹ አብረው ሲቆሉ ትንሹ ሲያር ትልቁ በውስጡ እርጥበት ይዞ ይወጣል፤ ይዞት የወጣውን እርጥበትም በጠርሙሱ ውስጥ ለሌሎቹ ያካፍላል።

3. መልኩን ሳይሆን ውስጡን እያዩ ያድርቁት። ዳቦ ቆሎ ላዩ ሲቀላ የደረሰ ይመስላል፣ ነገር ግን ውስጡ ገና ሊሆን ይችላል። በተለይ እሳቱ ከበረታ ቅርፊቱ ቀድሞ ይጠነክርና ውስጡ የቀረውን እርጥበት መውጫ ያሳጣዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠነኛ እሳት ላይ እያማሰሉ ያቅሉት፣ ከዚያም እሳቱን ዝቅ አድርገው ለተጨማሪ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ያቆዩት። ይህ የመጨረሻው ዝግ ያለ ሙቀት ለመልኩ ብዙም አይጨምርለትም፣ ለዕድሜው ግን ከሁሉም በላይ ይጠቅመዋል። ኦቨን ያለው ሰው መጀመሪያ ጋግሮ፣ ቀጥሎ ሙቀቱን ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ አድርጎ ለ20 ደቂቃ ያህል ቢያቆየው ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል።

መድረሱን ለማወቅ ከተለያየ የምጣዱ ክፍል ጥቂት ፍሬዎችን አንሥተው ጥቂት በረድ እስኪሉ ይጠብቁ፤ ትኩስ ዳቦ ቆሎ ደርቆም ቢሆን ለስለስ ሊል ስለሚችል በትኩሱ መፍረድ ያሳስታል። ከዚያ በጣትዎ ይስበሩት። የደረሰው «ቀጭ» ብሎ ለሁለት ይከፈላል፣ የተሰበረው ፊቱም ከጠርዝ እስከ መሐል አንድ ዓይነት መልክ አለው። መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ፣ በጥፍር ሲጫኑት የሚጎደጉድ ነጥብ ካዩ ገና ነው፤ መልሰው ያሙቁት። ሲሰበር ድምፅ ሳይሰጥ የሚጎብጥ ከሆነም እንዲሁ።

4. በሚገባ ያብርዱት፣ ነገር ግን አያሳድሩት። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስህተቱም በሁለት በኩል ነው።

ገና ትኩስ ሳለ ጠርሙስ ውስጥ ከከተቱት የሚወጣው እንፋሎት መሄጃ ያጣል። ቀዝቃዛውን ብርጭቆና ክዳን ሲነካ ወደ ውኃ ጠብታነት ይለወጥና ተመልሶ ዳቦ ቆሎው ላይ ይወርዳል። በነጋታው ከላይ ያሉት ፍሬዎች ለስልሰው የሚገኙት ስለዚህ ነው፤ ቆይቶም ሻጋታ የሚጀምረው ከእነዚሁ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ «በደንብ ይብረድ» ብለው በነሐሴ ሌሊት ሰፌድ ላይ ካሳደሩት፣ ሲነጋ የሚያገኙት የሌሊቱን እርጥበት የጠጣ ዳቦ ቆሎ ነው። ያንን ካሸጉት በኋላ የትኛውም ጠርሙስ አያድነውም፤ እርጥበቱን አብረው አሽገውታልና።

ስለዚህ ሰፌዱ ላይ ጨርቁን አንጥፈው ከአንድ ፍሬ ውፍረት በማይበልጥ ንብርብር ይበትኑት፣ ከሚፈላ ድስትና ከሚጋገር እንጀራ እንፋሎት ያርቁት፣ በየጊዜውም ይገላብጡት። ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ይበርዳል። የእጅዎን ጀርባ በመሐሉ ሲያስገቡ ሙቀት የማይሰማዎት ከሆነ የሚከተለውን ሙከራ ያድርጉ፦ አንድ እፍኝ አንሥተው ፍጹም በደረቀ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ያድርጉና ከድነው 15 ደቂቃ ይጠብቁ። የብርጭቆውን ውስጠኛ ግድግዳ ወደ ብርሃን አቅንተው ሲያዩት ቀጭን ጉም ከተጋረደበት፣ ወይም ክዳኑን ከፍተው ውስጡን በጣትዎ ሲዳብሱት የመርጠብ ስሜት ካገኙበት፣ ገና እንፋሎት እየወጣ ነው። ብርጭቆው ጥርት ብሎ ከቆየ ሳይዘገዩ ወደ ማሸጉ ይለፉ።

5. ብናኙን በወንፊት ያስወግዱ። ብናኝ ከፍሬው ቀድሞ እርጥበት ይጠጣል፣ ዘይቱም ቀድሞ ይበላሻል፤ በጠርሙሱ ሥር ተጠራቅሞ የቀረውን ሽታ ያስይዘዋል። ያረሩትንና ከሌሎቹ የገዘፉትን ፍሬዎችም እዚሁ ይልቀሙ።

6. ዕቃውን ይፈትኑ፣ ያድርቁም። ክዳን ያለው ዕቃ ሁሉ የሚዘጋ አይደለም። ጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት ውኃ ጨምረው ይክደኑትና በደረቅ ጋዜጣ ላይ በአፉ ደፍተው 10 ደቂቃ ያቆዩት። ጋዜጣው ላይ የእርጥበት ክብ ምልክት ከታየ ያ ዕቃ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ውኃ የሚያሾልክ ክዳን አየር እንደሚያሾልክ ጥርጥር የለውም። ለወተት ቆርቆሮና ለፕላስቲክ ዕቃም ሙከራው ይኸው ነው።

ያለፈውን ዕቃ በሳሙና አጥበው፣ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው፣ ጠርሙሱንና ክዳኑን ለየብቻ ፀሐይ ላይ ያድርቁ። ፀሐይ በሌለበት ጊዜ እየበረደ ካለ ምጣድ አጠገብ ሙቀቱ ላይ ቢያቆዩት ይደርቃል። ብዙ ሰው የሚረሳው በክዳኑ ጥምዝ ጥርሶችና በውስጡ ባለው የጎማ ቀለበት ሥር የሚቀረውን ውኃ ነው፤ እዚያ የቀረች ጠብታ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ስትተን ወደ ዳቦ ቆሎው ትገባለች። ከደረቀ በኋላ ክዳኑን ያሽትቱት። የቀድሞው ምግብ ሽታ ካለቀቀው ይተዉት፤ ቅባት ያለበት ነገር ሽታ ቶሎ ይይዛል።

ሞሰብ፣ አገልግልና ቅል ለማቅረቢያና ለመጓጓዣ ያማሩ ናቸው፤ ለመቆያ ግን አየር ያስገባሉ። አገልግል መጠቀም ከፈለጉ ዳቦ ቆሎውን አስቀድመው በላስቲክ አሽገው በውስጡ ያኑሩት።

7. ከፋፍለው እስከ አፉ ይሙሉ። አንድ ትልቅ ባልዲ ሙሉ ዳቦ ቆሎ በተከፈተ ቁጥር ሙሉው ባልዲ አዲስ አየር ይቀበላል። ያንኑ መጠን በስድስት ጠርሙስ ቢከፍሉት ግን አንዱ ሲበላ አምስቱ እንደታሸጉ ይቆያሉ። እያንዳንዱ ጠርሙስ ቤተሰቡ በሳምንት ውስጥ የሚጨርሰውን ያህል ይያዝ። ሲሞሉትም ጠርሙሱን ቀስ አድርገው እየነቀነቁ ክፍተቱን ያሳንሱ፤ በላዩ የሚቀረው ባዶ ቦታ እርጥበትና ኦክስጅን የያዘ አየር ነው።

ዳቦ ቆሎን ከገብስ ቆሎ፣ ከሱፍና ከኦቾሎኒ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ከሆነ ግን አይመከርም። ኦቾሎኒና ሱፍ ዘይታቸው ብዙ ስለሆነ ቀድመው ይበላሹና ሁሉንም ያሸቱታል። ለየብቻ አስቀምጠው ሲያቀርቡ ይቀላቅሉ። ዘቢብ ደግሞ እርጥበቱን ለዳቦ ቆሎው ስለሚሰጥ ከነጭራሹ አብሮ አይቀመጥ።

8. በደጋ ክረምት እርጥበት የሚስብ ነገር ያክሉበት። ይህ ደረጃ ለበጋና ለቆላ ያን ያህል አስፈላጊ አይደለም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሩዝ በምጣድ ላይ ሳያሳርሩ በደንብ ያሙቁ፣ ያብርዱት፣ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ቋጥረው ለአንድ ሊትር ጠርሙስ አንድ ከረጢት ያስገቡ። ሩዝ ብዙ እርጥበት የመሳብ አቅም የለውም፤ ክዳኑ ሲከፈትና ሲዘጋ የምትገባውን ጥቂት እርጥበት እንዲቀበል ነው እንጂ ያልደረቀን ዳቦ ቆሎ እንዲያደርቅ አይጠበቅበትም። በየሁለት ሳምንቱ አውጥተው እንደገና ያሙቁት።

በሩዝ ፈንታ ጨው የሚያስገቡ አሉ፤ አይጠቅምም። ጨው የአየሩ እርጥበት ከመቶ 75 እጅ ገደማ እስኪያልፍ ድረስ የሚስበው እምብዛም ነው፣ ሲያልፍ ደግሞ ራሱ ረጥቦ ይንጠባጠባል። ከጫማና ከኤሌክትሮኒክስ ካርቶን የሚወጣውን እርጥበት መሳቢያ ፓኬትም ለምግብ አይጠቀሙበት፤ ለምግብ ተብሎ የተዘጋጀ ካገኙ ብቻ፣ ፓኬቱ ሳይቀደድ ያስገቡት።

9. ያሽጉ፣ ቀኑንም ይጻፉ። ለጠርሙስ ክዳኑን አጥብቆ መግጠም ይበቃል። ለወተት ቆርቆሮ የክዳኑን ዙሪያ በፕላስተር ይዙሩት። በላስቲክ ለማሸግ የላስቲኩን አፍ በደረቅ ጨርቅ ወልውለው ከብናኝና ከዘይት ያጽዱ፤ ዘይት የነካው ቦታ አይጣበቅም። አየሩን በእጅዎ ገፍተው ካስወጡ በኋላ አፉን አስተካክለው በብረት ማስመሪያው ጠርዝ ላይ ያጥፉት፣ ከጠርዙ የሚተርፈው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሁን። የሻማውን ነበልባል ጎን በተረፈው ጫፍ ላይ ሳያቆሙ በዝግታ ያሳልፉት። ጫፉ ቀልጦ እንደ ቀጭን ክር ሲሆን በትክክል ተጣብቋል፤ ከጠቆረ እሳቱ በዝቷል፣ ያ ቦታ ተሰባሪ ስለሚሆን ቆርጠው እንደገና ይሞክሩ። ከቀዘቀዘ በኋላ ከረጢቱን በመዳፍዎ ጫን ይበሉት። አየር «እሽ» እያለ የሚወጣበት ቦታ ካለ ማሸጉ አልተሳካም።

በመጨረሻ የተቆላበትን ቀንና የተጠቀሙበትን ዘይት ወይም ቅቤ ጽፈው ይለጥፉ። ቀኑ ብቻ በቂ አይደለም፤ የቅቤውና የዘይቱ ዕድሜ አንድ ስላልሆነ የትኛው ቀድሞ መበላት እንዳለበት የሚያውቁት በዚህ ነው።

10. ተስማሚ ቦታ ላይ ያስቀምጡት። ቦታው ጨለማ፣ ደረቅና ሙቀቱ ብዙ የማይዋዥቅ መሆን አለበት። በደጋ ቤት ጠርሙሱን ከድንጋይ ወይም ከጭቃ ግድግዳ ጋር አያስጠጉት፣ ከወለልም ያንሡት። ሌሊት ግድግዳው ሲቀዘቅዝ ያንን የነካው የጠርሙሱ ጎን አብሮ ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው ትንሽ እርጥበትም እዚያ ላይ ይሰበሰባል። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል የራቀ መደርደሪያ ወይም ቁም ሳጥን ይበቃል።

ከምድጃ በላይ ያለው ቆጥ በክረምት ከቤቱ ሁሉ ደረቁ ቦታ ስለሆነ ብዙዎች ይመርጡታል። ዘይት ላልበዛበት፣ በምጣድ ለተቆላ ዳቦ ቆሎና ለጥቂት ሳምንት ከሆነ ጥሩ ነው። በዘይት ለተጠበሰው ግን ሙቀቱ ይጎዳዋል፣ ጭሱም በማይጠብቅ ክዳን በኩል ይገባል። በቆላ ከቤቱ ቀዝቃዛ የሆነውን ጥላ ክፍል ይምረጡ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ ቀን ቀን እጅግ ይሞቃልና ይራቅ። ብርጭቆ ብርሃን ስለሚያስገባ ጠርሙሱን በጨርቅ ወይም በጋዜጣ ይጠቅልሉት።

ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ጥቅም የለውም፤ ባወጡት ቁጥር በቀዝቃዛው ዕቃ ላይ ጤዛ ይይዛል። በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን በወፍራም ላስቲክ በደንብ ታሽጎ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሲያወጡት ላስቲኩን ሳይከፍቱ ሙሉ በሙሉ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ጥቂት ሰዓታት ይጠብቁ።

11. ሲያወጡ ጠርሙሱን ከፍተው አይተዉት። የሚፈልጉትን ያህል በደረቅ ማንኪያ ወይም አጋድመው ወደ ሳህን ይገልብጡና ወዲያው ይክደኑ። እርጥብ እጅ ማስገባትም ሆነ ከሳህን የተረፈውን መልሶ መጨመር አይገባም፤ ሳህን ላይ የዋለው እርጥበት ይዞ ይመለሳል። ቡና እየተፈላ የጀበናው እንፋሎት በሚወጣበት አጠገብ ጠርሙሱን ከፍቶ ማኖር ሳይታወቅ ብዙ ያበላሻል፤ ሳህኑን ያቅርቡ እንጂ ጠርሙሱን አያቅርቡ።

ምን ያህል ይቆያል?

የሚከተለው መነሻ ነው፤ የመጨረሻው ዳኛ አፍንጫዎና ጥርስዎ ናቸው። በደጋ፣ እስከ አፉ በተሞላና ባልተከፈተ ዕቃ ውስጥ፣ በትንሽ ዘይት በምጣድ የተቆላው ሁለት ወር ገደማ፣ በዘይት የተጠበሰው አንድ ወር ገደማ፣ ማር ያለበት ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ቅቤ ያለበትን በአንድ ወር ውስጥ መጨረስ ይሻላል። በቆላ እነዚህን ጊዜያት በግማሽ ይቀንሱ። የተከፈተ ጠርሙስ የትም ይሁን የት በሳምንት ውስጥ ቢያልቅ ጥሩ ነው።

ለስንቅ ሲልኩት

ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚሄድ ልጅ ወይም ለመንገደኛ የሚላክ ዳቦ ቆሎ ከመለስለስ ሌላ የመፈርፈር ችግር አለበት። አንድ ትልቅ ከረጢት ከመስጠት ይልቅ በትንንሹ አሽገው በጠንካራ ካርቶን ወይም በወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይደርድሩት፤ ተቀባዩ ብዙውን ጊዜ ከሌሎች ጋር በሚኖርበት ክፍል ውስጥ ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ስለማይኖረው፣ በየቀኑ አንድ አንድ እየከፈተ ይበላል።

የመንገዱ ከፍታም ይታሰብ። ከሸዋ ሮቢት በደብረ ሲናና በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ፣ መንገዱ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሚደርስ በዙሪያው ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል። ቆላ ላይ አየር እንደያዘ የታሸገ ላስቲክ በዚያ ከፍታ ይነፋል፣ ማሸጊያው ደካማ ከሆነም ይፈነዳል። ስለዚህ ከቆላ ወደ ደጋ ሲልኩ አየሩን በሚገባ አስወጥተው ያሽጉ። ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ ግን ላስቲኩ ይሰበሰብና ፍሬዎቹን ይጫናል፤ ጠንካራ ማቀፊያ የሚያስፈልገው በዚህ አቅጣጫ ነው።

ማስጠንቀቂያዎች

የፀረ ተባይ ወይም የአረም መድኃኒት፣ ላምባ፣ ናፍታ ወይም በረኪና የነበረበትን ዕቃ ምንም ያህል ቢታጠብ ለምግብ አይጠቀሙ። ፕላስቲክ የያዘውን ኬሚካል በውስጡ ያስቀራል፣ እጥበትም አያወጣውም።

ሻጋታ የታየበትን ዳቦ ቆሎ ላዩን ጠርገው ወይም መልሰው ቆልተው አይብሉ፣ ለልጆችም አይስጡ። አንዳንድ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ በምጣድ ሙቀት አይጠፋም። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ፍሬዎች ከሻገቱ ጠርሙሱ በሙሉ ይጣል፤ ለዶሮም ለከብትም አይሰጥ።

በሻማ ሲያሽጉ መስኮት ይክፈቱ፣ ሕፃናትን ያርቁ። የቀለጠ ላስቲክ ቆዳ ላይ ሲንጠባጠብ ተጣብቆ ያቃጥላል፣ ጭሱም ለመተንፈስ ጥሩ አይደለም።

አይጥ ላስቲክና ስስ ፕላስቲክ ይበሳል። የተበሳና ጥርስ ያረፈበት ከረጢት ውስጥ ያለው ዳቦ ቆሎ ሁሉ መጣል አለበት። አይጥ በሚያስቸግርበት ቤት ብርጭቆና ቆርቆሮ ብቻ ይጠቀሙ።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

*ከላይ ያሉት ለስልሰው ከታች ያሉት ደህና ከሆኑ*፣ ትኩስ ሳለ ተከድኗል ወይም ክዳኑ አየር ያስገባል። የቱ እንደሆነ ለመለየት ጠርሙሱን ባዶ አድርገው የውኃውን ሙከራ ይድገሙ።

*ሁሉም እኩል ለስልሶ ከተገኘ*፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከመታሸጉ በፊት ነው፤ ውስጡ አልደረቀም ወይም ሰፌድ ላይ ብዙ ቆይቷል።

*እዚህም እዚያም አንዳንድ ፍሬ ብቻ ሲለሰልስ* የአቆራረጡ መጠን አልተስተካከለም ማለት ነው።

*ኩርሽም እያለ የሚሸት ከሆነ* ዘይቱን፣ ብርሃኑንና ሙቀቱን በዚህ ቅደም ተከተል ይመርምሩ። እንዲሁም ጠርሙሱ አጠገብ ምን እንደተቀመጠ ይመልከቱ፤ ሳሙና፣ ሽንኩርትና የበርበሬ ዕቃ በማይጠብቅ ክዳን በኩል ሽታቸውን ይልካሉ።

*በፌስታል ቋጥሮ ማስቀመጥ* ከሁሉም የተለመደ ስህተት ነው። ፌስታል ስስ ከመሆኑም በላይ ቋጠሮው አየር አይከለክልም፤ ባለ ቀለሙ ፌስታል ደግሞ ለምግብ መያዣነት የተዘጋጀ አይደለም።

*ከድፎ ዳቦ ወይም ከእንጀራ ጋር በአንድ ሞሰብ ማኖርም* እንዲሁ ያበላሻል። የዳቦው እርጥበት ወደ ደረቁ ይሄዳል፤ ዳቦው ሲደርቅ ዳቦ ቆሎው ይለሰልሳል፣ ሁለቱም ይጎዳሉ።

የለሰለሰውን መልሶ ማድረቅ

መጀመሪያ ያሽትቱት፣ አንድ ፍሬም ይቅመሱ። የከረመ ዘይት ሽታ ወይም ምሬት ካለው አይድከሙ። ንጹሕ ከሆነና የለሰለሰው ብቻ ከሆነ፣ ምጣዱን በዝግታ አሙቀው በአንድ ንብርብር ይበትኑት፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩት። በኦቨን ከሆነ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ተመሳሳይ ጊዜ ይበቃል። የሚፈለገው ውኃውን ማስወጣት እንጂ መልኩን ማጥቆር ስላልሆነ መቅላቱ ከጨመረ እሳቱን ይቀንሱ። ከዚያም ከ4ኛው ደረጃ ጀምረው እንደ አዲስ ያብርዱት፣ ወደ ደረቅ ጠርሙስም ይመልሱት፤ የቀድሞው ጠርሙስ ሳይታጠብና ሳይደርቅ አይሞላ።

እያንዳንዱ ማሞቅ ዘይቱን ወደ መበላሸት ስለሚያቀርበው አንድ ዳቦ ቆሎ ከሁለት ጊዜ በላይ እንዲህ ባይደረግ ይመረጣል። መልሰው ያደረቁትን ለብቻው ያስቀምጡ፣ ወረቀቱ ላይ ዳግም የሞቀበትን ቀን ይጨምሩ፣ ከሌሎቹ ጠርሙሶችም አስቀድመው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጨርሱት።